እኔ ስደርስ የሚድነው ግራፊክስ ካርድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ወርቁ በእጄ ያስጨበጡኝ መሣሪያ የቀለም ቀቢ ብሩሽ ነበር። እኔ በኤሌክትሮኒክስ ሰርተፊኬት ይዤ፣ ነጭ ጋውን አሰፍቼ፣ ቴስተርና መበየጃ ይሰጠኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ብሩሹን አየሁት፣ እሳቸውን አየኋቸው። ግድግዳ ልንቀባ ነው ወይ ልላቸው ከጀልኩና፣ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኑ አይቀልድም ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

የኮምፒውተር ጥገና ሱቃችን ኮልፌ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነው ያለው። ወፍጮው በርበሬ ሲፈጭ ብናኙ በስንጥቁ ይገባና ሠራተኛውንም ደንበኛውንም እኩል ያስነጥሳል። ጋሽ ወርቁ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ፈቱልኝ። ውስጡ አቧራው ተጋግሮ የፍራሽ ጥጥ መስሏል፤ ከሥሩ በረሮ ከነቤተሰቧ ሰፍራለች። "ጥረጊ" አሉኝና ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ነጩ ጋውን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አመድማ ሆነ።

ጠርጌ ስጨርስ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይቀየርለት ሠራ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጋሽ ወርቁ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ቀጣዩን ገፋ አደረጉልኝ።

በዚያ ሱቅ ማዕረግ የሚታወቀው በመሣሪያ ነበር። ብሩሽ ያዥ ይጠርጋል። ካቻቪቴ ያዥ ብሎን ይፈታል፣ ራም ይቀይራል፣ የደከመ ማራገቢያ ያወጣል። ቴስተር ያዥ ኤሌክትሪኩን ይለካል፣ ምን እንደተበላሸም ይወስናል፤ ቴስተር ያዡ ጋሽ ወርቁ ብቻ ነበሩ። ከብሩሽ ወደ ካቻቪቴ ያደግኩ ቀን ሰፈሩ ሁሉ የሰማ እየመሰለኝ ተጀንኜ ነው ቤቴ የገባሁት። እናቴ ካቻቪቴ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ ስነግራት፣ "ታዲያ ይሄ የበር ማስተካከያው አይደል?" አለችና ኩራቴን አፈር አበላችው።

ሴት መሆኔ ያስቸገረው ደንበኛውን እንጂ እኔን አልነበረም። የሚመጣው ሁሉ በትከሻዬ አሻግሮ ባለሙያ ይፈልጋል። አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ባለሙያውን ጥሪልኝማ አሉኝ። እሺ ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ፣ ጋውኔን አስተካከልኩ፣ ተመልሼ ወጣሁና "አቤት፣ ምን ልታዘዝ?" አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር ያልወደቀ ብሎን ሲፈልጉ ቆዩ። ሰውየው እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ናቸው፤ ሲመጡም ባለሙያው የለም ወይ እያሉ ነው የሚገቡት።

ጋሽ ወርቁ ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ ሙገሳ ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስት ሱቅ ዞሮ የመጣ ኮምፒውተር አስነስቼ ሳሳያቸው፣ ሻይ አዘዙልኝ። ዓይናቸው ደከም ሲል ሱቁን ለእኔ ለቀቁልኝ፣ ቴስተሩንም ጨምረው። ሲሰጡኝ ባትሪው መቀየር አለበት አሉኝ እንጂ ሌላ ምንም አላሉኝም።

በእኛ ከተማ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የታወቀው ጠበል ፎርማት ነው። ሰው ቢዘገይበትም፣ ቢጮህበትም፣ ውኃ ቢደፋበትም "ፎርማት አርጊልኝ" ይላል። አንዲት እመቤት ሶኬቱን ሳይሰኩ፣ አልበራ አለኝ፣ ፎርማት ይደረግልኝ ብለው ኮምፒውተራቸውን አምጥተዋል። ሰክቼ አበራሁላቸው። ፎርማቱ እንዴት ፈጠነ ብለው መረቁኝ። ምርቃት ስለማይመለስ አሜን አልኩ።

ድሮ ሰው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ የሚመጣው ሲሞትበት ነበር። አሁን በሕይወት እያለም ይመጣል፤ ፍጥነት ጨምሪልኝ ይላል። ወጣቱ ኳስ ሊጫወትበት፣ ቪዲዮ ሊያቀናብርበት፣ ቤት ሊስልበት ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር አንድ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ሲጻፍበት ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ በኮንቴይነር የመጣ ነው። ከደብዳቤ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ለእንዲህ ዓይነቱ መፍትሔው ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ለማያውቅ ደንበኛ የማስረዳው እንዲህ ነው። ኮምፒውተርዎ ሒሳቡንም ሥዕሉንም ብቻውን የሚሠራ ሠራተኛ ነው፤ ሥዕሉ ሲበዛበት ይደክመዋል። ካርዱ ለሥዕሉ ብቻ የሚቀጠር ሁለተኛ ሠራተኛ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን ብዙ ይበላል። የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋል፣ የራሱ ማራገቢያ አለው፣ የራሱን ሙቀት ያወጣል።

ይሄን ሁሉ አስረድቼ ካርድ የገጠምኩለት አንድ ጎልማሳ በማግስቱ ሱቁን በጩኸት ሞላው። ምንም አልተለወጠም፣ አታለልሽኝ አለኝ። ቤቱ ድረስ ሄድኩ። የስክሪኑን ገመድ የሰካው አዲሱ ካርድ ላይ ሳይሆን የድሮው ቀዳዳ ላይ ነው። ሠራተኛው ተቀጥሮ በሩ ተዘግቶበታል ማለት ነው። ገመዱን ነቅዬ ካርዱ ላይ ስሰካው ሰውየው ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሻይ ትጠጫለሽ ወይ አለኝ። በእኛ ሰፈር ይቅርታ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በዚህ መንገድ ነው።

ፅጌ የመጣችው ይህን ሥራ በደንብ ከለመድኩት በኋላ ነው። እናቷ እትዬ አስካለ በኮልፌ ገበያ ቆጮና ቅቤ ይሸጣሉ፤ ከጉራጌ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን እዚሁ ያሳለፉ ሴት ናቸው። ፅጌ ድራፍቲንግ ተምራለች። የቤቶችን ውስጥ በኮምፒውተር ትስላለች፤ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ መጋረጃውን፣ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ሳይቀር።

የአንድ እንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ሥዕሎቿን አይቶ ወዶላታል። ምግብ ቤት የሚከፍት ደንበኛ አለው፤ ወንበርና ጠረጴዛውን የሚሠራለት እሱ ነው። ፅጌ ምግብ ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል፣ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ እንደሚያየው አድርጋ በቪዲዮ ሠርታ ቅዳሜ ካመጣች በቋሚነት ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። ካላመጣች ሥራው ቦሌ ላለ ሌላ ሰው ይሄዳል። አጎቷ ደግሞ መርካቶ ባለው ሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ሊያደርጋት ተዘጋጅቶ ሰኞ ጀምሪ ብሏታል። ይሄን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ ስትጨርስ ግን የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠምዝዛ ልትበጥሰው ደርሳ ነበር።

ኮምፒውተሯ ከእነዚያ ጡረተኞች አንዱ ነው። አንዲት ሥዕል አዝዛው ምሳ በልታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ገበያ ሄዳ እናቷን ረድታ ስትመለስ ገና ግማሽ ላይ ታገኘዋለች። ቪዲዮ ማለት ደግሞ የሥዕል ክምር ነው። በዚያ አካሄድ ለቅዳሜ ቀርቶ ለፋሲካም አይደርስም።

ካርዱን ልንገዛ ስንሄድ እትዬ አስካለ አብሬ ካልሄድኩ አሉ። የሚገዛው በእሳቸው የእቁብ ዕጣ ነው፤ ጣሪያ ሊያስቀይሩበት ያሰቡት ነበር። ሻጩ አዲስ ነው እያለ የዘረጋልንን ካርድ ተቀብለው አገላበጡና ልክ እንደ ቅቤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ መለሱለት። "ይሄ አርሯል" አሉ። ሻጩ ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ነበር። ተቀብዬ ሳሸተው ግን እውነትም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ ሌላ ሱቅ ገባንና ዋስትና ያለው ገዛን፣ እሱንም አሽትተው ካሳለፉት በኋላ።

ሱቄ ስንመለስ ሲፒዩውን ፈታሁት። ደንበኞቻችን ሳጥኑን በሞላ ሲፒዩ ነው የሚሉት፤ እኛም ማረም ሰልችቶን እንደነሱ እንላለን። መጀመሪያ የድሮውን ፓወር ሰፕላይ አወጣሁ፤ ደብዳቤ ለሚጽፍ ኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ ካርዱን መመገብ አይችልም። በምትኩ ጠንከር ያለ ገጠምኩ። ከጀርባው ቀዳዳውን የዘጋውን ቆርቆሮ አነሳሁ፣ ካርዱን በረጅሙ ማስገቢያ ቀጥ አድርጌ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት፣ በብሎን አሰርኩት፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ጫንኩ።

አንድ ነገር ገረመኝ። የሲፒዩው ውስጥ ንጹሕ ነው። ኮልፌ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ኖሮ አቧራ ያልገባበት ሲፒዩ ከፍቼ አላውቅም። ብሩሹን አንስቼ ሳልጠቀምበት መለስኩት። የቤቱ እመቤት ጎበዝ ናቸው ብዬ አለፍኩ።

ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ከባድ ሥዕል ሳሠራው ዋልኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሥዕል አሁን ውኃ ጠጥቼ እስክመለስ ይጨርሰዋል። ፅጌ እጄን ስማ፣ ሲፒዩውን ላዳ ላይ ጭና ሄደች።

በማግስቱ ደወለች። ሥራው ተጀምሮ ትንሽ እንደቆየ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። አሳርፋ ስታበራው ይነሳል፣ ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ይወድቃል። አምጪው አልኳት፤ አመጣችው። ሱቄ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ጥሩ በሬ ሲያርስ ዋለ። መልሳ ወሰደችው። ቤት ሲገባ ወደቀ።

ሙቀት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሙቀቱን የሚያሳየውን ቁጥር በስልክ አስነበብኳት፤ እውነትም ሊወድቅ ሲል ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። እንደ ሥርዓቱ ጠየቅኳት። ግድግዳ ተጠግቷል? አልተጠጋም። ፀሐይ ያገኘዋል? አያገኘውም። ላዩ ላይ የተቀመጠ ዕቃ አለ? "ኧረ ምንም የለም፣ እትዬ ሙሉ" አለችኝ። ልጅቷ ውሸት አታውቅም። እኔም ምንም የለም ብዬ ያዝኩ።

መሣሪያዬን ይዤ ቤታቸው ልሄድ ወሰንኩና እንደ ደንቡ አስቀድሜ ደወልኩ። ስደርስ ግቢው ተጠርጓል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ቆሎ በሰሀን ቀርቧል፣ እትዬ አስካለ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ሲፒዩው ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ከለበሰው ቴሌቪዥን ጎን፣ ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ቀጥ ብሎ ይጠብቀኛል። ፅጌ ሥራውን አስነሳች። ሙቀቱን አየሁ፤ ደህና ነው። ቆሎውን ጨረስን፤ ደህና ነው። ከሰዓቱ አለቀ፤ አሁንም ደህና ነው። ቢሆንም ብዬ የካርዱን ማራገቢያ ፈትቼ መረመርኩ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት አድሼ መለስኩት።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ወድቋል።

መብራቱ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ደውዬ የመብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ተሸክሜ ሄድኩ። እኔ ፊት አልወድቅም አለ። ስሄድ ወደቀ። የጥርስ ሕመም ሐኪም ፊት ሲደርሱ እንደሚተወው ማለት ነው። የሙያ ጓደኛዬ ፎርማት አድርጊው አለኝ፤ ሌላ ጊዜ እስቅበት የነበረውን ምክር ያን ዕለት ሠራሁበት። እሱም አልረዳ አለ።

እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ጠርተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይን በልቶት ይሆን ወይ አሉኝ። ካርድ ዓይን አይበላውም አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና እንግዲያው አንቺ እስከ ቅዳሜ እዚህ ሁኚ፣ አንቺ ስትኖሪ ይሠራል፣ መኝታ አዘጋጅልሻለሁ አሉኝ። የምራቸውን ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሐሳብ እኔም አልነበረኝም።

ሐሙስ ዕለት ፅጌ ባዶ እጇን ሱቄ መጣች።

"ይተዉት እትዬ ሙሉ" አለችኝ። "ለአጎቴ እሺ ልለው ነው። እማ ጣሪያዋን የተወችው ለእኔ ነው፤ ቢያንስ ደመወዝ ላምጣላት።"

በጣም ከፋኝ። ልጅቷ የተፈጠረችበትን ሥራ ትታ የሰው ገንዘብ ስትመልስ ልትኖር ነው፤ ያውም በጤነኛ ካርድና በጤነኛ ኮምፒውተር። እስከ ነገ ማታ ለአጎትሽ አትደውዪ ብቻ አልኳት። ምን ተማምኜ እንደዚያ እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

አርብ ጠዋት ሳንሱሲ ሰፈር አንድ ደንበኛ ቤት ሥራ ነበረኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ረጅሟ ካቻቪቴ የለችም። እትዬ አስካለ ቤት ረስቻታለሁ፤ ያለሷ ደግሞ ያ ሥራ አይሠራም። ደንበኛውን ይቅርታ ጠይቄ ታክሲ ተሳፈርኩ። ጭንቅላቴ በፅጌ ነገር ተይዞ ስለነበር አስቀድሞ መደወሉ ትዝም አላለኝ።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ቤቶች ብዬ ገባሁ። እትዬ አስካለ በቤት ቀሚስ፣ ሻሽ ሳያስሩ፣ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሲያዩኝ ክው አሉ። "ምነው ሙሉዬ፣ ደውለሽ አትመጪም?" አሉኝና ቤቱ እንዲህ ሆኖ ሰው ይገባል ወይ እያሉ ከፊት ከፊቴ ወደ ሳሎን ሮጡ።

ተከትያቸው ገባሁ። ቴሌቪዥኑ እንደወትሮው ዳንቴሉን ለብሷል፤ በሰፈራችን ያልለበሰ ቴሌቪዥን ስለሌለ ያን ሁሉ ቀን ሳየው ልብ ብዬው አላውቅም። ከጎኑ ግን ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነጭ ነገር ቆሟል። እንደ ትራስ ልብስ ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶለት፣ ጠርዙ ላይ አበባ ተጠልፎለት፣ ከፊቱ ማብሪያውን ለመጫን ለአንድ ጣት የምትሆን ቀዳዳ አለችው። ከውስጡ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል።

ፅጌ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ተስፋ ቆርጫለሁ ብላም መሞከሯን አልተወችም። ሲፒዩው የት አለ አልኳት። ወደ ነጩ ነገር በአገጯ አሳየችኝ። እትዬ አስካለ ደግሞ ደርሰው ልብሱን ከሥሩ ይዘው ወደ ላይ መግፈፍ ጀምረዋል። ቆይ ላውልቅልሽ፣ ቆሽሿል፣ ለሥራም ያስቸግርሻል ይሉኛል።

"እትዬ አስካለ፣ አይንኩት" አልኳቸው። "እንዳለ ይሁን።"

እጄን ከዳንቴል ልብሱ ሥር አስገባሁ። ከወፍጮ አሁን የወጣ ዱቄት ውስጥ እጅ እንደማስገባት ነው፤ ይብሳል እንጂ። ዳንቴል ብቻውን ቢሆን በቀዳዳዎቹ ያስተነፍስ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ሥራ ከያዙ እስከ ጥግ ነው፤ ብናኝ እንዳያልፍ በሳቲን ገብረውታል። ማራገቢያው ሙቀቱን በጀርባ ያስወጣል፣ ገበሩ መልሶ ያስገባዋል። እጄ እዚያው እያለ ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑም ጨለመ። ዕቃ ሲበላሽ አይቼ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልብሱ የተሠራው ሲፒዩው መጀመሪያ ቤት የገባ ጊዜ ነው። ለዓመታት ለብሶት ኖሯል፤ ያኔ ብዙም ስለማይሞቅ ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ሠራተኛ ሲቀጠር ልብሱ ጠበበ። ወደ ሱቄ ሲመጣ ያወልቁለታል። እኔ ቤት እመጣለሁ ብዬ ስደውልም፣ ለእንግዳ ቤት ይሰናዳልና፣ ያወልቁለታል። ስሄድ መልሰው ያለብሱታል። ፅጌም ላዩ ላይ ዕቃ የለም ያለችኝ እውነቷን ነው፤ በዚያ ቤት ልብስ ዕቃ አይባልም።

ነገሩን ሳስረዳ ፅጌ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አልቆም ብሏት መሬት ላይ ተቀመጠች። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም። ዳንቴሉን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

"ልጄን ላሰናክላት የነበርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?" አሉ።

አነጋገራቸው አንጀቴን በላው። ሲፒዩውን በከፈትኩ ቀን ያየሁትን ነገርኳቸው። በእኛ ሰፈር አቧራ ውስጥ ይሄ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ የደረሰው በዚህ ልብስ ነው፤ ልብሱ ባይኖር ካርዱ የሚገጠምበት ነገርም አይኖርም ነበር አልኳቸው። ለማጽናናት ያልኩት አይደለም፣ እውነት ነው። ፅጌ ተነስታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ልብሱ ጠበበው እንጂ አንቺ ምን አጠፋሽ አለቻቸው። ያኔ እሳቸውም ሳቁ፤ ሻሽ አለማሰራቸውም ትዝ ያላቸው ያኔ ነው።

ሲፒዩው እርቃኑን ሆኖ ሥራውን ጀመረ። አልወደቀም። ቅዳሜ ጠዋት ቪዲዮው አልቆ ፍላሽ ላይ ተጫነ።

እትዬ አስካለ ምንም ቢያስረዷቸው አልተዋጠላቸውም፤ እሷ ስትኖር አይበላሽም ብለው እኔንም ከልጃቸው ጋር ላኩኝ። የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት የእንጨት ብናኝ ከላፕቶፑ ላይ በእጁ ጠርጎ ፍላሹን ሰካ። የምግብ ቤቱ በር ተከፈተ። ጠረጴዛዎቹ ታዩ፣ ብርጭቆዎቹ ላይ የመስኮት ብርሃን አረፈ፣ ጥግ ያሉት ወንበሮች ቀረቡ። ሰውየው እስከ መጨረሻው አየ። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰና ወንበሮቹ ላይ አቆመው። የጀርባቸው ቅስት እሱ ራሱ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ፅጌ ሳትነግረው ከሥራ ቤቱ ደጃፍ አይታ ገልብጣዋለች።

"ይሄ የእኔ ወንበር ነው" አለ። ላፕቶፑን ዘጋና፣ "ሰኞ ሁለት ሰዓት እዚህ ሁኚ" አላት።

ፅጌ እሺ አለችው። ደጅ ወጥተን ለአጎቷ ደወለች። እኔ ፊቴን ወደ ጣውላው ክምር አዙሬ እንባዬን ጠረግኩ፤ ብናኙ ነው እንዳልል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እትዬ አስካለ በሳምንቱ ዳንቴሉን ይዘው ሱቄ መጡ። ከናካቴው ይተዉት ብላቸው እርቃኑን አላሳድረውም አሉኝ። ተደራደርን። ገበሩ ወጣ፣ ጀርባና ጎኑ ተከፈተ፤ ሥራ ላይ ሲሆን ያወልቃል፣ ሲጠፋ ይለብሳል።

ከዚያ ወዲህ ለቤት ሥራ ስጠራ አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ። እኔ እስክመጣ ቤቱን አታሰናዱ፣ ከቦታው ምንም አታንሱ እላለሁ። ብዙ እመቤቶች ተቀይመውኛል። አንዷ እንዲያውም እኔን ምን ዓይነት ሴት አድርገሽ ነው የምታዪኝ ብለው ስልኩን ዘግተውብኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን የሚደብቀው ለመደበቅ ብሎ አይደለም፣ ለማክበር ነው።

እትዬ አስካለ ቤት አሁን ሳልደውል ነው የምሄደው። ሻሽ አያስሩልኝም፣ ሽንኩርታቸውን መላጥ አያቋርጡልኝም። ከደንበኛ ያገኘሁት ትልቁ ክብር ይሄ ነው።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። ዕቃውን ከመፍታታችሁ በፊት ባለቤቱ በሚሠራበት ቦታ፣ እንደሚሠራበት ሆኖ እዩት። ብልሽት ለእንግዳ አይታይም።